152 ኪሎ ድንጋይ፦ የስኩን ድንጋይና የስኮትላንዳውያን ማንነት (የጉዳይ ጥናት)

ፐርዝ በምትባለው የስኮትላንድ ከተማ፣ ድሮ የከተማ አዳራሽ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ማርች 30፣ 2024 ሙዚየም ተከፍቷል። መሀሉ ላይ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ድንጋይ በመስታወት ተከልሎ ተቀምጧል። ርዝመቱ 66 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 42፣ ከፍታው 27 ያህል፤ ክብደቱ 152 ኪሎ ነው። ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ የብረት ቀለበት ተሰክቶበታል። ላዩ ላይ በመጥረቢያ የተጫረ፣ ያላለቀ የሚመስል አራት ማዕዘን ይታያል። ጌጥ የለው፣ ጽሕፈት የለው። ለግንብ ሥራ ተጠርቦ የተረፈ ነው ቢባል የሚከራከር አይገኝም።

የስኮትላንድ ነገሥታት ይነግሡበት የነበረውን ይህን ድንጋይ አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ማርኮ ወስዶታል፤ አራት ወጣቶች ሰርቀውታል፣ ወይም አስመልሰውታል፣ እንደ ተናጋሪው ነው፤ አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ፓርላማ ውስጥ ቆመው ይመለስ ብለዋል። ከሦስቱ የአገሩን ሰው ልብ ያንቀሳቀሰው የወጣቶቹ ሥራ ነው፤ ያውም ከዕቅዱ ግማሹ የተበላሸው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስጦታ በሥርዓትና በሰልፍ ደርሶ ምንም አላስገኘላቸውም። ይህ ልዩነት ከየት መጣ የሚለው ነው ጉዳዩ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከቤቴል ወይስ ከደጅ

አፈ ታሪኩ ድንጋዩ ያዕቆብ በቤቴል የተንተራሰው ነው ይላል። ከዚያ ግብፅ ደረሰ፤ ስኮታ የተባለች የፈርዖን ልጅ ከባሏ ጋር ይዛው ወጣች፤ በስፔንና በአየርላንድ አልፎ ስኮትላንድ ገባ፤ የአገሩም ስም ከእሷ ስም ተገኘ። ይህ እሳት ዳር የሚወራ ተረት ብቻ አልነበረም። በ1301 ባልድረድ ቢሴት የተባለ የስኮትላንድ የሕግ ሊቅ በሮም ጳጳስ ችሎት ለአገሩ ነፃነት ሲከራከር ስኮታን በማስረጃነት ጠርቷታል። ያለ ምክንያት አልነበረም። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊም ለጳጳሱ በጻፈው ደብዳቤ ደሴቲቱ በሙሉ ከትሮይ የመጣው የብሩቱስ ርስት ነበረች ብሎ ነበር። ተረት በተረት ተመለሰ። ክብረ ነገሥትን ላነበበ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛም ሊቃውንት የነገሥታቱን ዘር ከሰሎሞን ጋር አያይዘው በግዕዝ ያሰፈሩት በዚያው በ14ኛው መቶ ዘመን ነው።

ጂኦሎጂው ግን አጭር መልስ አለው። የቤቴል ምድር የኖራ ድንጋይ ነው፤ ይህ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ዓይነቱም በፐርዝ አጠገብ ካለው ከስኩን አካባቢ ድንጋይ ጋር አንድ ነው። ነገሥታቱ ይነግሡበት ከነበረው ገዳም ደጅ፣ ከቅርብ ካባ የወጣ ነው ማለት ነው። ይህን ሰምቶ ድንጋዩን የናቀ ስኮትላንዳዊ ግን ብዙ አልታየም። ድንጋዩን የሚያከብሩት ከየት እንደመጣ ቆጥረው ሳይሆን ማን እንደወሰደው አስታውሰው ነው።

ወሳጁ ያው ኤድዋርድ ነው። በ1292 ጆን ባሊዮል በስኩን ነገሠ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ኤድዋርድ ጦሩን በደንባር አሸንፎ ዘውዱን፣ የመንግሥቱን መዛግብትና ድንጋዩን ጭኖ ሄደ። በለንደን ዌስትሚንስተር አቤይ በተባለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ከጠንካራ የኦክ እንጨት የዘውድ ወንበር አሠራና ድንጋዩን ከመቀመጫው ሥር ከተተው። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ከእንግዲህ በዚህ ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። በ1328 የሰላም ውል ሲፈረም ድንጋዩ እንዲመለስ ታዞ ነበር፤ የለንደን ሰው አላስወጣም ብሎ አስቀረው።

በ1603 ታሪክ ራሱን ገለበጠ። ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ልጅ ሳትተካ ስትሞት ዙፋኑ ለስኮትላንዱ ንጉሥ ለጄምስ ስድስተኛ ደረሰ፤ እሱም ለንደን ሄዶ በተማረከው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዘውድ ጫነ። በ1707 ደግሞ ሁለቱ ፓርላማዎች አንድ ሆኑ። ስለ ስኮትላንድ ማንነት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር እዚህ ላይ ነው። ውሉ ፓርላማውን ቢያጠፋም የስኮትላንድን ሕግና ፍርድ ቤት፣ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያኑንም አልነካም፤ የሰበካ ትምህርት ቤቶቹም በራሳቸው መንገድ ቀጠሉ። ስኮትላንዳዊነት ለ300 ዓመት ገደማ ያለ መንግሥት የኖረው በዳኛው፣ በቄሱና በመምህሩ በኩል ነው። የወንዶች ቀሚሱና ባለ ከረጢት ዋሽንቱ ጌጡ ናቸው።

የገናው ሌሊት

በ1949 ጆን ማኮርሚክ የሚመራው የስኮትላንድ ኪዳን ማኅበር በብሪታንያ ጥላ ሥር የራሳችን ፓርላማ ይኑረን የሚል ሰነድ ለፊርማ አቀረበ። ሕዝቡ 5 ሚሊዮን ገደማ በሆነበት አገር እስከ 2 ሚሊዮን ፊርማ አሰባሰብን አሉ። ለንደን ሰምታ ዝም አለች። ፊርማ ካልሠራ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሲብላላ የቆየው ከዚህ በኋላ ነው።

መልሱን ያመጣው የ25 ዓመቱ የሕግ ተማሪ ኢያን ሃሚልተን ነው። ከእሱ ጋር ጋቪን ቨርነን፣ አለን ስቱዋርትና የቤት አያያዝ መምህርቷ ኬይ ማቲሰን ነበሩ። ማኮርሚክ ጥቂት ገንዘብ ረዳቸው። በሁለት ፎርድ አንግሊያ መኪና፣ በክረምቱ ብርድ፣ ከግላስጎው ለንደን ለመድረስ 18 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ በዚያው ምሽት ከሸፈ። ሃሚልተን የአቤዩ በር ሲዘጋ ውስጥ ለመቅረት የጽዳት ሠራተኞች ጋሪ ሥር ገብቶ ተኛ፤ ዘበኛው አገኘው። ሳላውቅ ተዘጋብኝ አለ፤ ዘበኛው መጠለያ ያጣ ድሃ መስሎት በሩን ከፍቶ ሸኘው። ዕቅዱ ተለወጠ። የዘበኞቹን ዙር ካጠኑ በኋላ ዲሴምበር 25፣ 1950 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ሦስቱ ወንዶች በሥራ ግቢው በኩል ገብተው የባለቅኔዎች ጥግ በሚባለው ቦታ ያለውን በር በመፈልቀቂያ ብረት ከፈቱት።

መከለያውን አንስተው ድንጋዩን ከወንበሩ ሥር ሲስቡት ወለል ላይ ወደቀና ለሁለት ተከፈለ። ትንሹ ሩቡን ያህል፣ 40 ኪሎ ገደማ ነው። አሸዋ ድንጋይ በአንድ ውድቀት እንዲህ የሚከፈለው ቀድሞ የተጎዳ ከሆነ ነው፤ በ1914 ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉ ሰዎች ወንበሩ አጠገብ ቦምብ አፈንድተው ነበርና ብዙዎች ስንጥቁን ከዚያ ጋር ያያይዙታል። ስብራቱ ግን ሥራውን አቀለለው። ሙሉው ድንጋይ ለሦስት ሰው ከአቅም በላይ ነበር። ትንሹን ሃሚልተን ታቅፎ ማቲሰን ወደምትጠብቅበት መኪና ወሰደው፤ ትልቁን በሃሚልተን የዝናብ ካፖርት ላይ አድርገው እንደ በረዶ ጋሪ ይጎትቱት ጀመር።

ትንሹ ክፋይ ከኋላ እንደተጫነ አንድ ፖሊስ መጣ። ሃሚልተንና ማቲሰን ተቃቀፉ፤ ማደሪያ ያጡ ፍቅረኛሞች መሰሉ። ፖሊሱ ቆሞ ቀለደ፣ ሲጋራም አጨሰ፤ ግድግዳው ወዲያ ድንጋይ ወለል እየፋቀ ነበር። ተሰናብተውት ነዱ። ሃሚልተን መንገድ ላይ ወርዶ በእግሩ ተመለሰ፤ ጓደኞቹ ግን የሉም። የሁለተኛው መኪና ቁልፍ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሲጎተት ወድቆ ኖሮ ጨለማ ውስጥ ፈልጎ አገኘው። ትልቁን ክፋይ ብቻውን ጎትቶ ጭኖ ወጣ። ለንደንን አያውቃትም፤ ሲዞር ሲዞር ሁለቱን ጓደኞቹን ኦልድ ኬንት ሮድ አጠገብ በእግር ሲሄዱ አገኛቸው። ማቲሰን ደግሞ ናይትስብሪጅ ላይ የትራፊክ መብራት ይዟት ቆማ ሳለ ከኋላ ድምፅ ሰማች፤ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ወድቋል። ወርዳ አንስታ መልሳ ጫነችው።

ስህተቶቹን ብንቆጥር ማንም ይህን ቡድን ለሁለተኛ ሥራ አይልከውም። ያዳናቸው የገና ሌሊት መሆኑና የሚጠብቃቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ድንጋይ የሚሰረቅ ነገር መሆኑ ለማን ትዝ ይለዋል?

ውርጩ፣ ፖሊሱና ሰዓቱ

በማግስቱ ፖሊስ ወደ ስኮትላንድ የሚወስዱ መንገዶችን ይፈትሽ ጀመር። ወጣቶቹ ይህን ገምተው ትልቁን ክፋይ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ኬንት ወስደው ሮቼስተር አጠገብ ሜዳ ላይ ደብቀውት ነበር። ትንሹ በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል፣ በማቲሰን ወዳጅ ቤት ቀረ፤ እሷ በባቡር ተመለሰች። ከፖሊስ ይልቅ የሚያሰጋው አየሩ ነበር። ከ650 ዓመት በላይ ደረቅ ቤት ውስጥ የኖረ አሸዋ ድንጋይ እርጥበት ይስባል፤ የጠጣው ውኃ በውርጭ ሲጋገር ይሰፋና ድንጋዩን ከውስጥ ይፈረካክሰዋል። ጥር ሳይገባደድ መውጣት ነበረበት። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ሲሄዱ ደግሞ ጂፕሲ የሚባሉ ተጓዥ ቤተሰቦች ልክ እዚያ ቦታ ሰፍረው አገኙ፤ ጉዳዩን በጥቂቱ አዋይተው፣ በእነሱው ፈቃድ ጭነው ወጡ። ስኮትላንድ ሲደርሱ ውስኪ ጠብ አደረጉለት።

በዚህ መሀል ለንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የተጻፈ አቤቱታ በግላስጎው ለአንድ ጋዜጣ ደርሶ ነበር። ጸሐፊዎቹ የንጉሡ ታማኝ ዜጎች ነን ይላሉ፤ ድንጋዩ በስኮትላንድ ይቀመጥ እንጂ ለዘውድ መጫኛ ሲፈለግ ለመስጠት አይከፋንም ይላሉ። ወሳጆቹ እኛው ለመሆናችን ማረጋገጫው ይኸውላችሁ ብለውም አቤይ ውስጥ ከአንዳቸው እጅ ወድቆ የቀረው ሰዓት በቅርቡ የት የት ላይ እንደተጠገነ ዘርዝረዋል። ሰዓቱ በፖሊስ እጅ ነበርና ማረጋገጫው ሠራ። የአቤቱታው አነጋገር ደግሞ ለጉዳያችን ከሰዓቱ ይበልጣል፤ ዘውዱን የሚጠላ እንቅስቃሴ አልነበረም። ጥያቄያቸው የቦታና የክብር ነበር።

ፖሊስ በመጨረሻ ሃሚልተን ላይ የደረሰው በግላስጎው ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ነው፤ ስለ አቤዩ የተጻፉትን መጻሕፍት በስሙ ተውሶ ኖሯል። የሕግ ተማሪ ሆኖ ይህን መርሳቱ ይገርማል።

ድንጋዩን የጠገነው ሮበርት ግሬይ ነው፤ ድንጋይ ጠራቢም የከተማው ምክር ቤት አባልም ነበር። ሁለቱን ክፋዮች በስሚንቶና በብረታ ብረት ዘንግ አጋጠማቸው፤ አንዱ ዘንግ ውስጥ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ከተተ። ምን ብሎ እንደጻፈ ለማንም ሳይናገር ሞተ።

አርብሮዝ

ኤፕሪል 11፣ 1951 ድንጋዩ በስኮትላንድ ባንዲራ ተሸፍኖ በአርብሮዝ ገዳም ፍርስራሽ፣ የቀድሞው መሠዊያ በነበረበት ሥፍራ ተቀመጠ። አንዱ ለንጉሡ፣ ሌላው ለስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሰብሳቢ የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች አብረውት ነበሩ። የለንደኑ ሌሊት ሁሉ እንደ አጋጣሚው የተሠራ ነበር፤ ይህ ግን በብልሃት የተመረጠ ነው። የስኮትላንድ መሳፍንት በኤፕሪል 6፣ 1320 ለጳጳስ ዮሐንስ 22ኛ የላኩት ደብዳቤ ከዚህ ገዳም የወጣ ነው። ደብዳቤው የስኮትላንዳውያንን አመጣጥ እስራኤል ቀይ ባሕርን ከተሻገረ 1,200 ዓመት በኋላ ብሎ ይቆጥራል፤ ከዚያ ለዘመኑ ድፍረት የሆነ ቃል ይናገራል። ንጉሣችን ሮበርት ራሱ አገሩን ለእንግሊዝ ሊያስገዛ ቢነሳ አባርረነው ሌላ እናነግሣለን፤ መቶ ሰው እስከቀረን ድረስም አንገዛም ይላል። ንጉሥ ከሕዝቡ በታች ነው የሚለው አሳብ የተጻፈበት ቦታ ላይ የንግሥ ድንጋይ ማኖር ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፖሊስ ድንጋዩን ወስዶ ፎርፋር ጣቢያ እስር ክፍል ውስጥ አሳደረው። ወደ ለንደን ተመልሶ ከወንበሩ ሥር የገባው በ1952 መጀመሪያ ነው። ከላይ ሲታይ ወጣቶቹ ተሸነፉ፤ ያመጡት ሦስት ወር ተኩል ብቻ ቆየ።

አራቱም ግን አልተከሰሱም። የመንግሥቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሃርትሊ ሾክሮስ ክስ ለሕዝብ ጥቅም አይበጅም አሉ። ነገሩ ቸርነት አይመስልም። ስርቆት ብሎ ለመክሰስ ድንጋዩ የማን እንደሆነ ችሎት ፊት ማስረዳት ይጠይቃል፤ ተከሳሹም በ1296 እንዴት እንደተገኘ ይጠይቃል፤ የ1328ቱን ትእዛዝም ያነሳል። መንግሥት ያንን ክርክር አልፈለገም። ያለ ክስ መቅረቱ ለወጣቶቹ ከነፃ መባል ይሻል ነበር።

ሃሚልተንና ማኮርሚክ ክርክሩን በሌላ በር አስገቡት። በ1952 የነገሡት ኤልሳቤጥ «ዳግማዊት» ተባሉ፤ ስኮትላንድ ግን ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት የምትባል ንግሥት ኖራት አያውቅም። ይህን ይዘው ኤዲንብራ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1953 ተረቱ። ዳኛው ሎርድ ኩፐር ግን ሲፈርዱ በጎን አንድ ነገር አሉ፦ የፓርላማ ሥልጣን ወሰን የለውም የሚለው መርህ የእንግሊዝ ነው እንጂ በስኮትላንድ ሕግ አቻ የለውም። ይህች አስተያየት እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቶች ትጠቀሳለች። በዚያው ሰሞን የንግሥቲቱ ምልክት ያለበት የኤዲንብራ ፖስታ ሣጥን በፈንጂ ወደመ፤ ከዚያ ወዲህ በስኮትላንድ በሚተከሉ ቀይ የፖስታ ሣጥኖች ላይ የስኮትላንድ ዘውድ ብቻ ይወጣ ጀመር። የኤዲንብራ መንገደኛ ዛሬም በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

የተሰጠው ድንጋይ

ጁላይ 3፣ 1996 ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር ድንጋዩ ወደ ስኮትላንድ ይመለሳል ብለው ለፓርላማ አስታወቁ። ኖቬምበር 15 በኮልድስትሪም ድልድይ ድንበር ተሻገረ፤ በቅዱስ እንድርያስ ቀን ኖቬምበር 30 በሰልፍ ኤዲንብራ ቤተ መንግሥት ገባ፤ መንገዱ ዳር 10,000 ያህል ሰው ቆመ። ሰዉ አየ፤ ጭብጨባው ግን ቀዝቃዛ ነበር። ስኮትላንዳውያን ፓርላማ ሲጠይቁ የሜጀር ፓርቲ እምቢ ብሎ ድንጋይ ሰጣቸው፤ ልጅ እንጀራ ሲለምን ድንጋይ የሚሰጥ አባትን ወንጌሉ ጠቅሶታል። በሜይ 1997 ምርጫ ፓርቲው በስኮትላንድ የነበሩትን ወንበሮች በሙሉ አጣ፤ የድንጋዩን መመለስ ያስፈጸሙት የስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ፎርሳይዝም ወደቁ። በሴፕቴምበር ሕዝበ ውሳኔ 74.3 በመቶው ለፓርላማ ድምፅ ሰጠ። ድንጋዩ ለዚህ ውጤት ምንም አላደረገም ማለት ይቻላል፤ ነገሩ በ1949ኙ ፊርማ ላይ የተጠየቀው ራሱ ነው።

በወረቀት ላይ ደግሞ ባለቤትነቱ አልተዛወረም። ድንጋዩ የዘውዱ ንብረት ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ በአደራ ይጠበቃል፤ ንጉሥ ሲነግሥ ወደ ለንደን ይሄዳል። ለቻርልስ ሣልሳዊ ንግሥ በኤፕሪል 2023 ወጥቶ ሜይ 6 ከወንበሩ ሥር ነበር፤ ተመልሶ መጣ። ልብ ላለው ሰው፣ ይህ ልጆቹ በ1950 ለንጉሡ በጻፉት አቤቱታ ያቀረቡት ውል ነው። ከመሄዱ በፊት የቅርስ ባለሙያዎች በሌዘር ሲቀርጹት ቀድሞ ያልተመዘገቡ፣ የሮማ ቁጥር የሚመስሉ ጭረቶች አግኝተውበታል።

ለአማርኛ አንባቢ አንድ ጎን ነገር አለ። ድንጋዩ በኤዲንብራ ቤተ መንግሥት ሳለ፣ ከኮረብታው ግርጌ ፕሪንሰስ ስትሪት ጫፍ ባለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አንድ ካህን በ2001 ቁም ሣጥን ውስጥ ታቦት አገኙ። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈ ነበር፤ አንድ የጦር መኮንን አምጥቶ የሰጠው። ቤተ ክርስቲያኑ ድርድር ሳያበዛ መለሰው፤ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። ያ ታቦት ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ ንብረትነቱም ጭምር። ከላይ ኮረብታው ላይ የነበረው ግን በአደራ ነበር።

በ2022ቱ ቆጠራ ከስኮትላንድ ነዋሪ 65.5 በመቶው ማንነቴ ስኮትላንዳዊ ብቻ ነው ብሏል፤ በ2014 ግን 55.3 በመቶው መራጭ መገንጠልን እምቢ ብሏል። ሁለቱን ቁጥሮች የሚያጣላቸው የውጭ ሰው ነው። በዳኛና በቄስ የኖረ ማንነት የግድ ባንዲራ በተባበሩት መንግሥታት አይፈልግም፤ የሚፈልጉም እኩል ያህል አሉ፤ ክርክሩ ቤት ውስጥ ነው።

ግሬይ በ1951 ድንጋዩን ሲያጋጥም ከስብራቱ የተረፉ ቅንጥብጣቢዎችን ቆጥሮ፣ ቁጥር ሰጥቶ ለወዳጅ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለፖለቲከኛ አድሏል፤ 34 ናቸው። አንዳንዱ የደረት ጌጥ ሆኗል፤ አንዱ አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ሙዚየም ደርሷል። በሕጉ መሠረት እነሱም የዘውዱ ናቸው። አምጡ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።